ለዚህች የአንገት ጌጥ የፈጠራ ታሪክ እየጻፍኩላት ነው፤ በየትኛው ዘመን ላኑራት?

ፈርጥና ክር

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ የኪስ ሰዓት ቀፎ የአንገት ጌጥ ሠርቻለሁ። ቀፎው ብር ነው። እጄ ሲገባ ሞተሩ ወጥቷል፣ ጠቋሚዎቹ የሉም፣ መስታወቱም የለም። ፊቱ ግን አለ። ነጭ ኢናሜል ነው፤ ከሁለት ቁጥር ወደ መሃል የሚወርድ በጣም ቀጭን ስንጥቅ አለው። ቁጥሮቹ የሮማ ናቸው፤ አራት ቁጥር በአራት ቋሚ መስመር ተጽፏል።

ጠቋሚዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ጭራዋ መንታ የሆነ ትንሽ የብር ወፍ አቆምኩ። የቆመችው በቀጭን ጥምዝ ሞላ ላይ ነው። ጌጡን ያደረገችው ሴት ስትራመድ ወፏ ትንቀጠቀጣለች። ሴትየዋ ቆም ስትል ወፏም በምንቃሯ አንዱን ቁጥር ይዛ ትረጋለች። ዓይኗ ሰማያዊ መስታወት ነው። ከታች ትንሽ የሰዓት መሙያ ቁልፍ ተንጠልጥላለች። የጀርባው ክዳን ይከፈታል፤ ውስጡ ፎቶ የሚይዝ ቦታ አለ።

አሁን የቀራት ታሪክ ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞረች ጊዜ መሸጥ ነው። ሰዓቱን አትሸጥም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው የምትሸጠው። ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ከራሷ ደቂቃ እየቆረጠች ስትሰጥ ጠቋሚዎቹ አለቁ። ባዶው ቦታ ላይ ወፍ መጥታ ቆመች።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይህችን ሴት በየትኛው ዘመን ላኑራት? ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሲያነብ ፊቱን እንዳያዞር እፈልጋለሁ። ሁለተኛው፣ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ውበቱን ሳላበላሽ እንዴት ልናገር?

ሚሚ ዶቃ

ውይ ደስ ስትል! እጅሽ ይባረክ። ቆም ስትል ቁጥር የምትጠቁመው ነገር ልቤን ወሰደችው።

በሞላ ላይ የሚቆም ጌጥ ራሱ የከበረ ታሪክ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ አን ትራምብላን የሚባል አሠራር ነበር። የአልማዝ አበባዎችን በሞላ ላይ ያቆማሉ። ሴትየዋ በሻማ ብርሃን ስትንቀሳቀስ አበባው ይንቀጠቀጣል፣ አልማዙም ያብለጨልጫል። የአንቺ ወፍ የእነዚያ አበቦች ዘመድ ናት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሞላውን በምን አሰርሽው? በብየዳ ከሆነ ያሳስበኛል። እሳት የነካው የሞላ ሽቦ ይለሰልሳል፤ መንጠሩን ያጣና አንዴ ሲታጠፍ እዚያው ታጥፎ ይቀራል። በሪቬት መምታትም እዚህ አይሆንም። ኢናሜል ማለት ብረት ላይ የቀለጠ መስታወት ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ያ ስንጥቅ ጉዞውን ይቀጥላል።

ሌላው ጸጉርና ሹራብ ነው። ክንፏ ወደ ውጭ ከወጣ እያያዘ ያስቸግራል።

ፈርጥና ክር

ሚሚዬ አመሰግናለሁ። እሳት አልነካውም። በፊቱ መሃል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን የናስ ቱቦ አሳለፍኩ። ሞላው በቱቦው ውስጥ ወርዶ ከጀርባ በትንሽ ብሎን ተይዟል። ከፊቱ ስር ደግሞ የናስ ዝርግ ቆርጬ ስላስገባሁ ክብደቱ ኢናሜሉ ላይ አያርፍም። ክንፎቿም ከቀፎው ከንፈር ዝቅ ብለው ነው የተቀመጡት። በሹራብ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አልያዘችም።

አሮጌው ጠጋኝ

ልጄ፣ ሥራሽ ያምራል። ሞተሩን አንቺ እንዳላወጣሽው ስትናገሪም ደስ አለኝ። የሚሠራ ሰዓት ፈትተው ጥርሱን በሙጫ የሚለጥፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። በእርግጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የአንቺ ተቃራኒ ነው። የወርቅና የብር ቀፎ ለብረቱ ሲባል ይቀልጣል፣ ሞተሩ ያለ ቤት ይቀራል።

ስለ ዘመኑ ካነሳሽ ከቁልፏ ጀምሪ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኪስ ሰዓት ለረጅም ጊዜ የሚሞላው በተነጣይ ቁልፍ ነበር። በ1840ዎቹ አድሪያን ፊሊፕ የተባለው ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ፣ ያ የሰዓት አምራቹ የፓቴክ ሸሪክ፣ ያለ ቁልፍ አናቱን ይዞ የሚሞላ አሠራር አወጣ። ያ ማለት ግን ቁልፍ በማግስቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ተራው ሰው ኪስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆይታለች።

አሁን እዪልኝ። አናቱ ላይ የሚጠመዘዝ ጉብታ አለው ወይስ ቀለበት ብቻ ነው ያለው? የጀርባውን ክዳን ስትከፍቺ ከውስጥ ሁለተኛ ክዳን አለ? እሱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አለ? ጉብታ ካለው ቁልፏ ከሌላ ሰዓት የመጣች እንግዳ ናት፤ ታሪክሽም እሷን መያዝ የለበትም።

ሳጥን ፈታሽ

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ደግሞ የውስጥ ማኅተሞቹን ማየት እፈልጋለሁ። እህቴ፣ ክዳኑ ውስጥ የተመቱ ትንንሽ ምልክቶች ካሉ አንድ በአንድ ጻፊልን። በምንም ነገር እንዳትወለውያቸው ግን። ብር በተወለወለ ቁጥር ትንሽ ይነሳለታል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ምልክቱ ነው።

ፈርጥና ክር

ጋሼ፣ ጉብታ የለውም፤ ቀለበት ብቻ ነው። ሁለተኛ ክዳን አለ፣ አንድ ቀዳዳም አለው። ቁልፏ ቀዳዳው ውስጥ በልኩ ትገባለች።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የሚራመድ አንበሳ፣ መልሕቅ፣ እና አንድ ፊደል። ፊደሉ ተበልቷል። በማጉያ መስታወት እንኳ አይነበብም።

ሳጥን ፈታሽ

ኧረ ይሄማ ብዙ ነው! የሚራመደው አንበሳ የእንግሊዝ የብር ምልክት ነው። ከመቶ እጅ 92.5 ንጹሕ ብር ማለት ነው፤ ቀሪው ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው። መልሕቁ የበርሚንግሃም የብር መመርመሪያ ቤት ምልክት ነው፤ ቤቱ ከ1773 ጀምሮ ይሠራል። ፊደሉ ዓመቱን ይነግርሽ ነበር፣ ግን ግድ የለም።

ዋናው መልሕቁ ነው።    ስለዚህ ቀፎሽ ከ1773 አይቀድምም። ታሪክሽን በ1760 ብታደርጊው መልሕቁ ራሱ ይመሰክርብሽ ነበር።

ሚሚ ዶቃ

ፎቶውንም አትርሱት። የክዳኑ ፎቶ ቦታ በታሪኩ ውስጥ ከገባ ዘመኑን ያጠብበዋል። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ትንሽ የወረቀት ፎቶ በየቤቱ የተዳረሰው ደግሞ ዲስዴሪ የተባለው ፈረንሳዊ በ1854 የካርድ መጠን ፎቶን ካስመዘገበ በኋላ ነው። ከፎቶግራፍ በፊት ሰው በአንገቱ የሚይዘው በእጅ የተሳለ ትንሽ ሥዕል ወይም የሚወደውን ሰው ጸጉር ነበር። እኔ ብሆን 1860ዎቹ እላለሁ። ቁልፉም ይሄዳል፣ ፎቶውም ይሄዳል።

የማታ አንባቢ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምሄደው፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ፈርጥና ክር፣ ፈጠርኩት ያልሽው ሥራ በእውነት ነበር!

ጆን ሄንሪ ቤልቪል የሚባል በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ የሚሠራ ሰው በ1836 ጀመረው። የኪስ ሰዓቱን ከግሪኒች ሰዓት ጋር ያስተያይና ለንደን ውስጥ እየዞረ ለደንበኞቹ ያሳያል። እነሱም ከፍለው የራሳቸውን ያስተካክላሉ። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። በ1856 ሲሞት ሚስቱ ማሪያ ሥራውን ያዘች፣ እስከ 1892 ሠራች። ከእሷ ልጃቸው ሩት ተረከበች። ሩት ያንኑ ሰዓት ይዛ እስከ 1940 ዞራለች! ሰዓቱን የሠራው ጆን አርኖልድ ነው። እሷም እንደ ሰው «ሚስተር አርኖልድ» ብላ ትጠራው ነበር። በስልክ ሰዓት የሚናገረው አገልግሎት በእንግሊዝ አገር በ1936 ከተጀመረ በኋላ እንኳ ደንበኛ ነበራት።

ምስኪን ማሪያን አስቢያት። ባሏን ቀብራ፣ ሰዓቱን ይዛ፣ በር እያንኳኳች። የአንቺ ሴትዮ 1860ዎቹ ላይ ብትኖር ማሪያ በሕይወት አለች፣ ሥራም ላይ ናት። ስሟን ግን ለጌጡ አትስጪው። የእሷ ሰዓት ሌላ ነው፣ የት እንደዋለም ይታወቃል። ሴትዮሽን ያለ ስም ተያት።

ፈርጥና ክር

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሩት «ሚስተር አርኖልድ» ስትለው ታየኝ። ያለ ስም እተዋታለሁ፣ ቃሌ ነው።

እውነት ፈላጊ

ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም፤ ግን የሚከነክነኝን ልናገር። እኔ የፈጠራ ታሪክ ያለው ጌጥ አልወድም። ምክንያት አለኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ተከፋች የአንገት ጌጥ ገዛሁ። ሻጩ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው አለኝ። የጋብቻ፣ የጦርነት፣ የስደት ታሪክ ነገረኝ። አምኜው ለልጄ ሰጠኋት። በኋላ ማጠፊያውን በደንብ ሳየው ባለ መስቀል ጭንቅላት ብሎን አለው። ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባለው አሜሪካዊ ያንን ብሎን ያስመዘገበው በ1936 ነው። ልጄ ታሪኩን ለጓደኞቿ ተናግራ ጨርሳለች። ያ ነው ያመመኝ።

ፈርጥና ክር ቅን ሰው እንደሆንሽ ይታየኛል። ግን ካርድ ይጠፋል። ጌጡ ከአንቺም ከገዢውም በላይ ይኖራል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ሰው ከሳጥን ሲያወጣው ማኅተሞቹን ያያል፣ ቁልፏን ያያል፣ ወፏም በዚያው ዘመን የነበረች ይመስለዋል። አንቺ ሳትዋሺ ዕቃው ይዋሻል።

አሮጌው ጠጋኝ

እውነት ፈላጊ፣ ስለ ልጅዎ አዝናለሁ። አንድ ብሎን ብቻውን ግን አይፍረድብዎ። አሮጌ ዕቃ ይጠገናል፤ እኔ ራሴ በአሮጌ ማጠፊያ ላይ አዲስ ብሎን አስገብቼ አውቃለሁ። የብሎኑን ቀዳዳ ጥርስ፣ የማጠፊያውን ብየዳና የክዳኑን ከንፈር አብረው ይዩ። ሁሉም አንድ ዘመን ካወሩ ያን ጊዜ ይፍረዱ።

ካርድ ይጠፋል ያሉት ግን ልክ ነው።

ሳጥን ፈታሽ

ነገርን ነገር ያነሳዋል። በ1896 የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የወርቅ ዘውድ ገዛ። ላዩ ላይ በግሪክኛ የተጻፈው ጽሑፍ የኦልቢያ ከተማ ሰዎች ለእስኩቴሱ ንጉሥ ለሳይታፈርኔስ የሰጡት ስጦታ ነው ይላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ተብሎ 200,000 ፍራንክ ተከፈለበት። ከዚያ ባለሙያዎች መጠራጠር ጀመሩ፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

በ1903 እስራኤል ሩኾሞቭስኪ የተባለ የኦዴሳ አንጥረኛ ፓሪስ መጣ። ዘውዱን የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ማን ያምነዋል? ዘውዱን ሳያይ ከፊሉን እንደገና ሥራ አሉት፤ ሠርቶ አሳያቸው። እሱ ትእዛዙን የተቀበለው ለአንድ ምሁር ስጦታ ይሆናል ተብሎ ነው። ታሪኩን የለጠፉበት ነጋዴዎቹ ናቸው። ሥራው ግሩም ነበር። በራሱ ስም ቢወጣ ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ይወደስ ነበር።

የሮማዎቹን ካስቴላኒዎች እዩ ደግሞ። በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥንት ኤትሩስካውያንን የወርቅ አሠራር አጥንተው፣ እነዚያን ጥቃቅን የወርቅ ፍሬዎች እየደረደሩ፣ በጥንቱ አምሳል ጌጥ ሠሩ። ነገር ግን ጀርባው ላይ የተቆላለፉትን የራሳቸውን ሁለት ፊደላት ይመታሉ። ማንም ሲገለብጠው የማን ሥራ እንደሆነ ያያል። ዛሬ ሰው የካስቴላኒ ሥራ ብሎ ነው የሚፈልገው። እኔ እህቴን የምላት ይሄንኑ ነው፤ ስምሽን ብረቱ ላይ አስፍሪው።

ፈርጥና ክር

እውነት ፈላጊ፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የልጅህ ነገር ከልብ ነካኝ። እኔ ታሪኩን የምጽፈው ሰው እንዲያልምበት ነው። ሰው ደግሞ ተታሎ ማለም የለበትም። ፈጠራ መሆኑን እያወቀ የወደደው ታሪክ ብሎን አያፈርሰውም።

ስለዚህ እቀርጻለሁ። የት ይሻላል፣ ቀፎው ላይ ወይስ ወፏ ላይ?

አሮጌው ጠጋኝ

ቀፎው ላይ አትንኪ። እሱ የራሱን ምስክርነት ይዟል፤ ከማኅተሞቹ አጠገብ ሌላ ጽሑፍ ከገባ ነገ የሚያየውን ያደናግራል። ወፏም ትንሽ ናት፤ ከሞላዋ ከተለየች ቃሉም አብሯት ይሄዳል። በፎቶው ቦታ ላይ ስስ የብር ዝርግ ቁረጪ። እሱ ላይ ቅረጪና ከክዳኑ ስር አስገቢው። ፎቶው ከላዩ ይቀመጣል።

ዝገት

ዘግይቼ ገባሁ። አንድ የማየው ነገር አለኝ። ወፏ አዲስ ብር ስለሆነች ከቀፎው ጋር ቀለሟ አይገጥምም፤ ልታጠቁሪያት ማሰብሽ አይቀርም። ብር የሚጠቁረው ከድኝ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ላዩ ላይ ብር ሰልፋይድ ይፈጠራል። አንጥረኞች ይህን በፖታሲየም ሰልፋይድ ውሃ በደቂቃ ውስጥ ያመጡታል። አየር ባለበት ሥሪ፤ ከአሲድ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አታገናኚው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ወፏን ብቻ፣ ከሞላዋ ተነጥላ፣ ዓይኗ ሳይገባ። ከዚያ የክንፏን ከፍ ያለውን ቦታ ወልውይው፤ ጥቁሩ በላባዎቹ መስመር ውስጥ ብቻ ይቅር።

ለገዢውም ንገሪው። በአሉሚኒየም ወረቀት፣ በሶዳና በሙቅ ውሃ ብር የማጽዳት ዘዴ በየቦታው ይመከራል። ለተራ ማንኪያ ደህና ነው። እዚህ ግን ያስገባሽውን ጥቁር ሁሉ ይገፈዋል፣ ውሃውም በስንጥቁ በኩል ከኢናሜሉ ስር ይገባል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃታል።

ጥያቄ አለኝ

እኔም ከአሮጌ ሰዓት ጌጥ መሥራት ልጀምር ነው። በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮች ያሉት አግኝቻለሁ። ቀለሙን ፍቄ በሌላ ልቀባው?

አሮጌው ጠጋኝ

እንዳትነካው! ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ ራዲየም በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር የሚቀቡት። ማብራቱን ቢተው እንኳ ራዲየሙ አለ፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የሚፋቀው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ዝግ እንደሆነ አስቀምጠውና ሌላ ሰዓት ፈልግ። የፈርጥና ክር ዓይነቱ ኢናሜል ከዚያ ዘመን ስለሚቀድም ይህ ስጋት የለበትም።

ፈርጥና ክር

ካርዱን ጻፍኩት። እዩልኝ።

«በ1860ዎቹ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ጊዜ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሰኞ ሰኞ ሰዓቷን ታስተካክልና በር ታንኳኳለች። የቤቱ ባለቤት የእሷን አይቶ የራሱን ያስተካክላል፣ ሳንቲም ይሰጣታል፣ ትሄዳለች።

የሚጠብቅ ሰው ስታገኝ ግን አትሸጥለትም። ልጇን ከባሕር ለምትጠብቅ እናት፣ ደብዳቤ ለሚጠብቅ ወጣት፣ ከራሷ ጠቋሚ ደቂቃ ቆርጣ በነጻ ትሰጣለች። መጀመሪያ የደቂቃው ጠቋሚ አጠረ፣ ቀጥሎ የሰዓቱ። አንድ ቀን ሁለቱም አለቁ።

ባዶውን ፊት ይዛ ስትዞር መንገደኛ ወፍ መጥታ መሃሉ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት ነው ሲሏት ወፏ የዞረችበትን ታሳያለች። ተሳስተሻል ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አልነበረም።

ቀፎው፣ ፊቱና ቁልፉ አሮጌ ናቸው። ወፏም ታሪኩም የእኔ ሥራ ናቸው።»

የብር ዝርጉ ላይ ደግሞ ስሜን፣ የተሠራበትን ዓመትና «ወፏና ታሪኩ አዲስ ናቸው» የሚለውን እቀርጻለሁ።

የማታ አንባቢ

«ተሳስተሻል ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አልነበረም» የሚለው ጋ እንባዬ መጣ። ምንም አትቀንሺበት።

እውነት ፈላጊ

ይህን ጌጥ ለልጄ እገዛላታለሁ። እያወቀች ትወደው። ከመሸጥሽ በፊት በግል መልእክት ጻፊልኝ።

አሮጌው ጠጋኝ

ስትቀርጺ ዝርጉን ክዳኑ ውስጥ ሳይገባ ጨርሺው። ስስ ስለሆነ ከስሩ ሰም አድርጊለት፤ ያለዚያ መቅረጫው ሲጫነው ይጎብጣል። ፊደሉን መጀመሪያ በመዳብ ቁራጭ ላይ ሞክሪው። ውፍረቱንም ለኪ፤ ከፎቶው ጋር ሆኖ የጀርባ ክዳኑ ሳይገፋ መዘጋት አለበት። ተገፍቶ የሚዘጋ ክዳን ማጠፊያውን ይበላዋል።